ሃሌታው እና ሐመሩ

ባለፈው ወር ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ኬክ ቆረሱልኝ፣ ካርድ ፈረሙልኝ፣ ወረንጦዬንም በትንሽ ሣጥን አድርገው ሰጡኝ። የወረንጦው አንዱ ጫፍ ተበልቶ ከሌላው አጥሯል። ሃያ ሁለት ዓመት ትል ለቅሜበታለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሦስት ልጆችም አሳድጌበታለሁ።

እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ዊልስደን፣ ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ "ላብራቶሪ" እል ነበር። ደም የምመረምር ይመስላቸዋል። አንዳንዱ የስኳር ውጤቱን ከኪሱ አውጥቶ ያሳየኛል። እኔ የማውቀው ግን ጭቃ ነው፤ ከስኮትላንድ በባልዲ የሚመጣ የባሕር ወለል ጭቃ።

አሁን ያን ጭቃ ማሽን ያነበዋል። ከማንኪያ በማይበልጥ ጭቃ ውስጥ ማን እንደኖረ ከዘረመሉ ይለያል ይላሉ። ደስ ይለኛል። ግን ለማሽኑም ቢሆን ባልዲው የየት እንደሆነ የሚነግረው ሰው ነው። ይህን የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ስም አሳስቻለሁና።

ሥራው እንዲህ ነው። ሳልሞን በባሕር ላይ በመረብ በረት ይረባል። ከላይ መኖ ይበተናል። ያልተበላው መኖና የዓሣው ኩስ ወደ ታች ይወርዳል። ጥቂት ሲሆን ወለሉ ላይ ያሉት ፍጥረቶች ይበሉታል። ሲበዛ ግን ጭቃው ይጠቁራል፣ አየር ያጣል፣ ይገማል። የባሕር ኮከቡም፣ ቀንድ አውጣውም፣ ቅርፊት ያለውም ሁሉ ይጠፋል። የሚቀረው ቀይ ክር የሚመስል አንድ ዓይነት ትል ነው። እሱ ብቻውን ይፈላል። እኛ ጭቃውን በወንፊት አጥበን፣ ሕይወት የነበረውን ሁሉ ሮዝ በሚያደርግ ቀለም ነክረን፣ በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ እየለቀምን እንቆጥራለን። ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ ነው እርሻው ይቀጥል፣ ይቀንስ ወይም ይቁም የሚባለው።

የገባሁት በጽዳት ነው። ሃርልስደን አጠገብ ባለው የመጋዘን ሰፈር ውስጥ ወዳለ ሕንፃ ኤጀንሲ ላከኝ። አንድ ቀን ማጠቢያው ውስጥ የተተወ ወንፊት ሳጥብ ሽቦው ላይ ክር ተጣብቆ አየሁ። ቀረብ ብዬ ሳየው ክር አልነበረም፤ ጭንቅላት አለው። በውኃ ላወርደው እጄ እንቢ አለ። በስኒ ማስቀመጫ ላይ ውኃ ጠብ አድርጌ አኖርኩትና "ይህ የማን ነው?" ብዬ ወረቀት ጻፍኩበት።

በማግሥቱ አንዲት ሽበታም ሴት ስኒ ማስቀመጫውን ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

"ይህን ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ?"

ተባረርኩ ብዬ መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። "ይቅርታ" አልኩ።

"የሠለጠኑ ሰዎች አጥበው የጨረሱት ወንፊት ነው። እንዴት አየሽው?"

"ምስር ስለቅም ነው ያደግሁት" አልኳት።

ማርጋሬት ትባላለች። የስኮትላንድ ሰው ናት። በዚህ አገር አለቃ በስሙ ነው የሚጠራው፤ እኔ ግን ሽበት እያየሁ ስም ብቻ መጥራት አልቻልኩም፣ እስከ መጨረሻው "ሚስ ማርጋሬት" አልኳት። በዚያው ዓመት ከመጥረጊያው አንሥታ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠችኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ ሄዷል። አንዱ በቀን ስንት ባልዲ እንደጨረስን ብቻ ነበር የሚጠይቀው። አለቃዬ የምለው ግን እሷን ነው።

ልማዶቿ ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው ስምን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው፤ አንዱን ባልዲው ላይ፣ አንዱን በእርሳስ ጽፎ ጭቃው ውስጥ። "የውጭው ይላጣል፣ የውስጡ አይዋሽም" ትል ነበር። ሁለተኛው ትሪውን ማዞር ነው። አንድ ትሪ ለቅመሽ ስትጨርሺ ግማሽ ዙር ታዞሪውና እንደ አዲስ ታይዋለሽ። ዓይን የለመደውን ነው የሚያየው፤ ብርሃኑ በሌላ በኩል ሲመጣ ተደብቆ የነበረው ይወጣል። በየጊዜው አንድ ይገኛል። አንዳንዴም ዋናው እሱ ነው።

ሦስተኛውን ልማድ ለመልመድ ዓመት ፈጀብኝ። አንድ ጊዜ "ኮከብ የለም" ብዬ ጻፍኩ። ሰረዘችው።

"የለም ማለት የፈጣሪ ፋንታ ነው። አንቺ አላገኘሁም በዪ።"

ቤተ ክርስቲያን አትሄድም ነበር። እኔ ግን ከእሷ አፍ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ።

እኔም የራሴ ልማድ ነበረኝ። የባልዲዎቹ ስም ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰልፍ ነው፤ ሁሉም ይመሳሰላሉ። እንዳይምታታብኝ ክዳናቸው ላይ በነጭ ፕላስተር የአማርኛ ፊደል እለጥፍ ነበር። ከአንድ እርሻ ሦስት ባልዲ ይመጣል፤ ከበረቱ ሥር፣ ከመካከል፣ ከሩቅ። ሀ፣ ለ፣ ሐ። ማርጋሬት አይታ "ቆንጆ ነው" አለች። ስማቸውንም አስጠናኋት። አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ እኔ እንደ እሳቸው ነው የምጠራው፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ። ሐመር በግእዝ መርከብ ነው ስላት ሳቀች። "ለባሕር ሥራ የሚሆን ፊደል አገኘን!"

ሰላማዊት የመጣችው ከዚያ ወዲህ ነው። ቆጠራውን ኮምፒውተር ላይ የምታስገባው እሷ ነበረች። ሃርልስደን ትኖራለች፣ በአማርኛ የወንጌል ቸርች ኳየር ትዘምራለች፣ ሳቋ ከደረጃው ይሰማል። የሙከራ ጊዜዋ ዘጠኝ ወር ነበር። ከእኔ ጋር አማርኛ ለማውራት ስትል ምሳዋን እኔ ካለሁበት ክፍል በር ላይ ቆማ ትበላለች።

"እትዬ ጽጌ፣ እናንተ ኦርቶዶክሶች ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያላችሁ ትጣላላችሁ፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ ዓሣው የጣለውን ትቆጥሪያለሽ።"

"መብላት ነው እንጂ መቁጠር አያስገድፍም" እላታለሁ።

ስሙን ያሳሳትኩበት ቀን ሰሙነ ሕማማት ላይ ዋለ። ማርጋሬት የዓይን ኦፕሬሽን ተደርጎላት ቤቷ ነበረች። ሥራ አስኪያጁ የአንድ እርሻ ውጤት ዛሬውኑ ይግባ አለ። አፌ በጾም ደርቋል። እኔ ከቆጠራ ወረቀቴ አነባለሁ፣ ሰላማዊት ትጽፋለች። ደንቡ ጭቃው ውስጥ ያለውን የእርሳስ ስም ማንበብ ነበር። እኛ ግን የክዳኑን ፊደል ለምደን ነበር።

"ሐመሩ ሐ" ብዬ ጀመርኩ። የሩቁን ያስቀደምኩት ንጹሕ ስለሆነ ነው፤ የበረቱን ሥር ባልዲ ሁልጊዜ ወደ ኋላ አደርገዋለሁ፣ ሽታው ይከብደኛል።

"ኧረ እትዬ፣ የኔታ ፊት የተቀመጥኩ አታስመስዪኝ! ሃሌታው፣ ሐመሩ! ሀ በዪኝና እንገላገል።"

ሳቅሁ። "ሀ" አልኳት።

ሀ ብላ የመጀመሪያው፣ የበረቱ ሥር ረድፍ ላይ ጻፈች። ከዚያ ለ አልን። ከዚያ "ያኛው ሀ" አልኩ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጻፈች። ሁለታችንም አንድ ፊደል ነው የሰማን። እሷ አልተሳሳተችም። እኔም ያልኳት ሀ ነው።

የበረቱ ሥር ኮከብና ቀንድ አውጣ ሞልቶት ወጣ። ሩቁ ቦታ በቀይ ትል የፈላ ሆነ። ዘገባውን ያዘጋጀው ሰው ግር ሲለው ምክንያት ፈለገለት፤ የውኃው ፍሰት ቆሻሻውን ከበረቱ ሥር ጠርጎ ራቅ አድርጎ ይጥለዋል አለ። አምሮ የተጻፈ ነበር። ማርጋሬት ስትመለስ ዘገባው ሄዷል። እርሻውም ዓሣውን አውጥቶ ሲጨርስ አዲስ እንዲያስገባ ተፈቀደለት።

በመከር ወር ደብዳቤ መጣ። ከዚያው ባሕር ወሽመጥ በወጥመድ ሽሪምፕ የሚይዝ አንድ ባለ ጀልባ ነው የጻፈው። ማርጋሬት ጮክ ብላ አነበበችልን። ወጥመዱን ከበረቱ አጠገብ ሲያወጣ ገመዱ ጠቁሮ፣ የበሰበሰ እንቁላል እየሸተተ ይወጣል። ፎቶ አያይዟል፤ በጥቁሩ ጭቃ ላይ ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። በመጨረሻ እንዲህ ይላል፦ "የእናንተ ወረቀት እዚህ ደኅና ነው ይላል። የተሳሳተው ማነው፣ እኔ ነኝ እናንተ?"

ማርጋሬት ወረቀቷን ደጋግማ አየች። "ፍሰቱ ይሆናል" አለች፣ ድምጿ ግን አላመነም። እኔም ሁለት ቀን ሳልቆጥረው የቀረ፣ ያፈሰስኩት፣ የረሳሁት ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ በልቤ ትሪ ሳዞር ዋልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ትንሿን ልጄን ሄለንን የቃል ጽሕፈት አጽፋት ነበር። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

"ሐመር ብለሽ ጻፊ።"

ጻፈች። ሀመር።

"ተሳስተሻል የኔ ልጅ።"

"ኖ እማዬ! ሀ አልሽኝ፣ ሀ ጻፍኩ። ዊች ዋን እንደሆነ አልነገርሽኝም። ለምንድነው ሦስት የሆነው? አንዱ አይበቃም?"

እርሳሱን ከእጇ ወሰድኩ። ልጄ የተቆጣኋት መስሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ። አቀፍኳት። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። የባልዲዎቹ ነጭ ፕላስተር ዓይኔ ላይ ድቅን ብሏል።

ሰኞ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። የተለቀመ ጭቃ አይጣልም፣ ከነትሉ ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ከዚያ እርሻ ባልዲዎች ሃሌታው የተለጠፈበትን ክዳን ከፈትኩ። ጥቁር። ውስጡ ያለው የእርሳስ ስም የበረቱን ሥር ይላል። ኮምፒውተሩ ተቃራኒውን ይላል። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ። "ኪዳነ ምሕረት" አልኩ።

ማታ ከሥራ ስንወጣ ለሰላማዊት አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ነገርኳት። አልገባትም መሰለኝ ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታው ከፊቷ ላይ እየቀነሰ ሄደ።

"ማን አየ?"

"እኔ።"

"ከአንቺ ሌላ?"

"ከላይ ያለው።"

"እሱንማ አውቃለሁ እትዬ፤ የአንቺ ብቻ አይደለም።" "የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሜ ነው ያለው። አርብ የሙከራ ጊዜዬ ያልቃል።"

"ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ማን ያምናል? በፊደል ተሳሳትን ብለሽ ለእንግሊዝ ታስረጃለሽ? እስከ አርብ ቆዪልኝ። አርብ ብቻ። ስለ ጌታ።"

አውቶቡሱ መጣ። እሺ አልኳት።

ከዚህ በፊት ጽፌው የማላውቀው ይህን ነው። አዲሱ ዓሣ ወደ በረቱ የሚገባው በየትኛው ቀን እንደሆነ አላውቅም ነበር። መጠየቅ እችል ነበር፤ የሚያውቀው ሰው ሁለት በር አልፎ ነው። አልጠየቅሁም። ባልጠይቅ ይሻላል ብዬ ነው ያልጠየቅሁት። ማክሰኞ ትል ለቀምኩ። ረቡዕ ጾሜን ጾምኩ። ሐሙስ ትሪ ሳዞር ውኃው ፈሰሰብኝ። አርብ ሰላማዊት የቋሚነት ደብዳቤዋን ይዛ መጥታ ሳትስቅ አቀፈችኝ።

ሰኞ ማርጋሬት ጋ ገባሁ። ቆሜ ነገርኳት። ሀና ሐን ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋት፤ አንድ ድምፅ እንደሆኑ አስረዳሁ። መነጽሯን አወለቀች።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ባለፈው ሰኞ።"

"ሰኞ" አለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየች። "ዓሣው የገባው ሐሙስ ነው።"

ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል። እሷ ግን ሀና ሐን የጻፍኩበትን ወረቀት መልሳ ወደ እኔ ገፋችው።

በሩ ተንኳኳ። ሰላማዊት ናት። "የጠበቀችው እኔን ብላ ነው" አለች በእንግሊዝኛ። "የለመንኳት እኔ ነኝ።" ማርጋሬት ሁለታችንን ተራ በተራ አየችን። ከዚያ መነጽሯን መልሳ አጠለቀች።

"ሁለቱንም ባልዲ አምጡ።"

ቀኑን ሙሉ ከዚያ ወንበር አልተነሣችም። ከኦፕሬሽን ወዲህ ዓይኗ ያነባ ነበር፤ እያበሰች ቆጠረች። እያንዳንዱን ትሪ አዞረች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ውኃ አቀብላለሁ። ማታ የእርሻውን ሥራ ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ራሷ ደወለች። "ስሕተቱ የእኛ ነው" አለች። የማን እንደሆነ አልተናገረችም።

ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ተገቢ ነው። የሰላማዊት የሙከራ ጊዜ ተመልሶ በሦስት ወር ተራዘመ። አንድ ሳምንት ሰላምታ ብቻ ተለዋወጥን። በሁለተኛው ሳምንት ምሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

ዓሣው ግን ገብቷል። መኖው እንዲቀንስ ተደረገ፣ ዓሣው አድጎ እስኪወጣ ግን ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወለሉ ላይ ኩሱ ወረደበት። ባለ ጀልባው በመካከል ጀልባውን ሸጦ ወደ ሌላ ቦታ እንደሄደ ሰማን። ስሙን ደብዳቤው ላይ አይቼዋለሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። በጸሎቴ "ያ ባለ ሐመር" እለዋለሁ። እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ማርጋሬት ፊደሌን አልከለከለችኝም። አንድ ሕግ ብቻ ጨመረች፤ ሙሉ ስሙ ካልተጠራ፣ የውስጡም ካልታየ አይጻፍም። ከዚያ ወዲህ ሰላማዊት ጣቷን ኮምፒውተሩ ላይ አሳርፋ ትጠብቀኛለች። "ሃሌታው ነው ሐመሩ?" ሳትል አንድ ቁጥር አልጻፈችም። የኳየር ድምፅ ስላላት ሃሌታውን በዜማ ነበር የምትለው።

ዓሣው ሲወጣ እርሻው እንዲያርፍ ተወሰነ። በአገራችን ሳይታረስ የከረመ መሬት ጦም አደረ ይባላል። ይህን ለማርጋሬት ነገርኳት። "ባሕሩም እንግዲህ እንደ አንቺ ይጹም" አለች። ያ በአንድ ክፍል አብረን የሠራንበት የመጨረሻ ጊዜ ነበር፤ ጡረታ ወጥታ ወደ አገሯ ተመለሰች።

በዓመቱ ከበረቱ ሥር አዲስ ባልዲ መጣ። ስከፍተው ሽታው ቀንሷል። ቀዩ ትል አለ፣ ግን ሣሥቷል። ቀጫጭን አምስት ክንድ ያላትን ኮከብ ፈለግሁ። ጭቃው ደኅና ሲሆን ከሚመለሱት አንዷ እሷ ናት። ትሪውን አዞርኩ። ሁለት ጊዜ አዞርኩ። ወረቀቱ ላይ "አላገኘሁም" ብዬ ጻፍኩ። የሚቀጥለው ባልዲ ሳይመጣ ጡረታዬ ደረሰ። ኬኩን ሲቆርሱልኝ የማስበው ያን ነበር። ልጠይቅ እፈራለሁ፤ አለመጠየቅንም እፈራለሁ። አንድ ጊዜ ባለመጠየቄ የሆነውን አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዋይት ሲቲ ገበያ ማዕከል ውስጥ ከሄለን ጋር ጫማ ስናይ ስልኬ ጠራ። ሰላማዊት ናት። ማሽኑን ለማመሳከር ጥቂት ባልዲ አሁንም በእጅ ይለቀማል፤ አሁን እሷ ናት የምትለቅመው። ወረንጦ ያስያዝኳት እኔ ነኝ።

"እትዬ፣ ሃሌታው መጣ።"

ሰው ከሚተላለፍበት ወጣሁና ግድግዳ ተደገፍኩ።

"የውስጡን ስም አየሽ?"

"አየሁ። ሃሌታው ራሱ ነው። እትዬ፣ ኮከብ አለ። ሁለት። ትንንሽ ናቸው፣ የምስር ፍሬ ያክላሉ።"

ማመስገን ፈለግሁ። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው።

"ትሪውን አዞርሽው?"

"... ቆይ" አለች። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ሰማሁ፤ ትሪው እንጨቱ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። ሄለን ጫማውን በእጇ ይዛ መጣች። "እማዬ፣ ምንድነው? አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ። እጄን አንሥቼ ዝም አሰኘኋት። ጆሮዬ ላይ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም።

ስልኩ ተነሣ።

"ሦስት" አለች ሰላማዊት።